ምንጭ የሌለው ድጎማ ለነጋዴው አይበጀውም

ነጋዴ ሥራውን የሚመሠርተው በደንበኛው ልማድ ላይ መሆኑ የታወቀ ነው። ደንበኛው በወር ስንት ጊዜ ወደ መደብሩ እንደሚመጣ፥ ዕቃውን በምን መንገድ እንደሚያዝ፥ ሒሳቡንም በምን ቀን እንደሚከፍል የማያውቅ ባለሱቅ፥ መጋዘኑን በምን ልክ እንደሚሞላ ሊያውቅ አይችልም። በአሜሪካ ከ23 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ቤተሰቦች ለኢንተርኔታቸው ከመንግሥት ያገኙት የነበረው የወር ቅናሽ ከጁን 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሲቀርባቸው፥ ነገሩ ከሁሉ አስቀድሞ የፖለቲካ ወሬ ሆኖ ሰነበተ። ይሁን እንጂ የብዙ ሰዎች የመገዛዛትና የመክፈል ልማድ በአንድ ወር ውስጥ የተናጋበት ነገር በመሆኑ፥ በመጀመሪያ ሊመለከተው የሚገባው የንግዱ ክፍል ነበር። በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን መደብሮች በርበሬና ቡና የሚልክ ነጋዴ፥ እዚያም ሆኖ ሸቀጡን ተቀብሎ የሚቸረችር ባለሱቅ፥ ሁለቱም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው፥ መንግሥት ለድኻው ኢንተርኔት ይክፈል ወይስ አይክፈል በሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው በዚህ አኳኋን ሲቀርብ መልሱ አስቀድሞ በየሰዉ የፖለቲካ አስተያየት የተወሰነ ስለሚሆን፥ ነጋዴው ከእርሱ የሚያተርፈው ነገር የለም። ለነጋዴው የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ድጎማው ከየት ይመነጫል፥ እስከ መቼስ ይቆያል የሚለው ነው። ትንሽም ቢሆን ሳያቋርጥ የሚፈስ ድጎማ ገበያን ያጸናል። ብዙ ሆኖ በድንገት የሚደርቅ ድጎማ ግን፥ ባይጀመር ይሻል ነበር እስኪያሰኝ ድረስ ሻጩንም ገዢውንም ያናጋል።

ነገሩ የተጀመረው በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች በቤታቸው በኢንተርኔት እንዲማሩ በተገደዱበት፥ ሐኪምም በሽተኛውን በኮምፒዩተር መስኮት በሚያነጋግርበት ወራት፥ የአሜሪካ ኮንግረስ በዲሴምበር 2020 ለአስቸኳይ ጊዜ ቅናሽ የሚሆን 3.2 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ቅናሹ በሜይ 2021 ሲጀመር ለአንድ ቤተሰብ በወር እስከ 50 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 15 ቀን የተፈረመው የመሠረተ ልማት ሕግ ይህንኑ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ሰፋ ወዳለ ፕሮግራም ለውጦ 14.2 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደለት፤ የወሩ ቅናሽም እስከ 30 ዶላር፥ በቀደምት አሜሪካውያን ጎሣዎች መሬት ለሚኖሩት ደግሞ እስከ 75 ዶላር እንዲሆን ተወሰነ። ገቢው መንግሥት ካወጣው የድኽነት ወለል ከሁለት እጥፍ የማይበልጥ ቤተሰብ ሁሉ ለመመዝገብ መብት ነበረው፤ የምግብ እርዳታ ወይም ሜዲኬይድ የሚባለውን የሕክምና እርዳታ የሚያገኝም እንዲሁ።

አሠራሩን ነጋዴ ሁሉ ሊረዳው ይችላል። ገንዘቡ በቤተሰቡ እጅ አይገባም። ኢንተርኔት ሻጩ ኩባንያ ከደንበኛው ወርኀዊ ሒሳብ ላይ ቅናሹን ይቀንስና የቀነሰውን ያህል ከመንግሥት ይቀበላል። በዚህ አኳኋን ከ1,700 በላይ የሆኑ ኩባንያዎች በፕሮግራሙ ገቡ። በሜይ 2022 ደግሞ ኋይት ሐውስ ከ20 ኩባንያዎች ጋር ተስማምቶ፥ እነዚህ ኩባንያዎች በወር ከ30 ዶላር የማይበልጥ ዋጋ ያለው ፈጣን አገልግሎት እንዲያቀርቡ ስላደረገ፥ ቅናሹ የተጨመረበት ቤተሰብ ከኪሱ ምንም ሳያወጣ የሚጠቀምበት ጊዜ ሆነ። ገዢው ዋጋውን ረሳው ማለት ነው። ነጋዴ እንደሚያውቀው ደግሞ ዋጋውን የረሳ ገዢ፥ ዋጋው ተመልሶ ሲመጣበት ከሌላው ይልቅ ይደነግጣል።

ይህን ሒሳብ የአንድ መካከለኛ መደብር ሒሳብ ያዥ ቢይዘው ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ጉድለቱን ባየው ነበር። በ2022 ኋይት ሐውስ ራሱ እንደ ገመተው፥ ለቅናሹ መብት ያላቸው ቤተሰቦች ወደ 48 ሚሊዮን ይደርሱ ነበር። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመዝግበው ቢሆን፥ 30 ዶላር በ48 ሚሊዮን ሲባዛ በወር ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር ስለሚበልጥ፥ የተመደበው 14.2 ቢሊዮን ዶላር ለአሥር ወር እንኳ ባልበቃ ነበር። ፕሮግራሙ ሃያ ዘጠኝ ወር ያህል ሊቆይ የቻለው መብት ካላቸው ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስላልተመዘገቡ፥ የተመዘገቡትም ቢሆኑ ከ9 ሚሊዮን ገደማ ተነሥተው ቀስ በቀስ ወደ 23 ሚሊዮን ስለ ደረሱ ነው። ዕድሜውን ያረዘመለት ሥራውን አለማሟላቱ ነበር። ዓላማውን ፈጥኖ ቢፈጽም ኖሮ ፈጥኖ ይሞት ነበር። እንደዚህ ያለ ውል ይዞ ወደ ባንክ የሚሄድ ነጋዴ ቢኖር፥ የብድር ክፍሉ ሹም ወረቀቱን ሳይጨርስ ይመልስለት ነበር።

አዘጋጉም ከአጀማመሩ የተሻለ አልነበረም። በኦክቶበር 2023 ኋይት ሐውስ ለፕሮግራሙ ተጨማሪ 6 ቢሊዮን ዶላር ጠየቀ። በጃንዋሪ 2024 ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ የኮንግረስ አባሎች 7 ቢሊዮን ዶላር የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ ከአቅራቢዎቹም መካከል ኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት የኦሃዮው ሴናተር ጄ. ዲ. ቫንስ ነበሩበት። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2024 አዲስ መዝገብ ተዘጋ። ሙሉው ቅናሽ የተከፈለበት የመጨረሻው ወር ኤፕሪል ሆነ። በሜይ ወር ከሣጥኑ ሥር የቀረችው ተጠራርጋ ቢበዛ 14 ዶላር ብቻ ተሰጠች፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልነበረም።

በዱቤ የሚሸጥ ባለሱቅ ይህ ምን ዓይነት ጉዳት እንደሚያመጣ ያውቀዋል። አንድ ደንበኛ በየወሩ መጨረሻ እየከፈለ ዕቃ እንዲወስድ የተፈቀደለት እንደሆነ፥ የቤቱን ወጭ ሁሉ በዚያው ልክ ያደላድላል፤ የልጆቹን የትምህርት ዕቃ፥ የቤት ኪራዩን፥ ለዘመድ የሚልከውን ሳይቀር በዚያው ሒሳብ ውስጥ ያገባዋል። ባለሱቁ አንድ ቀን ተነሥቶ ዱቤው ዛሬ ቀርቷል ቢለው፥ ደንበኛው የሚያጣው ያቺን የወር ዱቤ ብቻ አይደለም። የደላደለው ሁሉ ይፈርስበታል፤ በባለሱቁም ላይ ያለው እምነት አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አስተዋይ ባለሱቅ ዱቤ ከመጀመሩ በፊት እስከ መቼ ሊሸከመው እንደሚችል ያስባል፤ ሲያጠብቅም ቀስ እያለ ያጠብቃል። በሬው ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ቀረ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው በሬው ነው። በዚህ ነገር ግን ሣሩን በገደሉ አፋፍ ላይ የዘራው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

የደረሰው ጉዳት በኩባንያዎቹ መዝገብ ላይ ፈጥኖ ታየ። ከአምስት ሚሊዮን በላይ ባለቅናሽ ደንበኞች የነበሩት ቻርተር የተባለው ትልቅ ኩባንያ፥ በ2024 ሁለተኛው ሩብ ዓመት ብቻ 149,000 የኢንተርኔት ደንበኞች እንደ ቀነሱበት፥ ዋናውም ምክንያት የድጎማው መቋረጥ መሆኑን ለባለአክሲዮኖቹ አስታወቀ። ትልቅ ኩባንያ እንዲህ ያለውን ነፋስ ይችለዋል። በገጠር ጥቂት ሺህ ደንበኞች ይዞ፥ በዚህ ቅናሽ ተስፋ ሽቦ የዘረጋ ትንሽ ኩባንያ ግን የሚደገፍበት ባለአክሲዮን የለውም።

በቤተሰቦቹ በኩል ያለውን ነገር የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው መጠይቅ መመልከት ይቻላል። መልስ ከሰጡት መካከል 68 በመቶው ከቅናሹ በፊት ወይ ምንም ኢንተርኔት እንዳልነበራቸው ወይም አንድ ወር እየተቀጠለ አንድ ወር የሚቋረጥ እንደ ነበራቸው ተናገሩ። ቅናሹ ቢቀር የአገልግሎቱን ዓይነት ለመለወጥ ወይም ጨርሶ ለመተው እንደሚገደዱ የተናገሩት 77 በመቶ ነበሩ። ሰው በመጠይቅ የሚመልሰው መልስና በደረሰኝ ላይ የሚታየው ሥራው አንድ አለመሆኑን ነጋዴ ያውቃል፤ ቢሆንም የመጀመሪያው ቍጥር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ወደ እርሱም መመለስ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ባለሱቁ እንምጣ ቢባል፥ ለብዙ ሰው ኢንተርኔት የኩባንያዎችና የተማሪዎች ጉዳይ ይመስለዋል። በዋሽንግተን ከተማ፥ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ አጠገቧ ባሉት ከተሞች የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዛታቸው ከፍ ያለ በመሆኑ፥ የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት ዋና ዋና የመንግሥት ጽሑፎች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ታክሲ በመንዳት፥ በመኪና ማቆሚያ ቦታ፥ በሆቴልና በሆስፒታል ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆኑ፥ ሽሮውንና በርበሬውን፥ ጤፉንና ቡናውን የሚገዙት ከራሳቸው ሰዎች መደብር ነው። መደብሮቹም ዛሬ ዋጋቸውን በኢንተርኔት ይገልጣሉ፥ ለበዓል የሚሆነውን ትእዛዝ በኢንተርኔት ይቀበላሉ። እንጀራ በቤቷ ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ ሴት፥ የንግድ ፈቃድዋን የምታሳድሰው፥ የግብር ወረቀቷን የምትሞላው፥ ደረሰኟንም የምትልከው በዚሁ መንገድ ነው።

የእጅ ስልክ አይበቃምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ለወሬና ለጥቂት ግዢ ይበቃል። ነገር ግን ሦስት ልጆች የቤት ሥራቸውን በአንዲት ስልክ ሲሻሙ፥ የወሩ የስልክ ዳታ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሲያልቅ፥ እናቲቱም አሥር ገጽ የመንግሥት ቅጽ በመዳፍ በምታህል መስተዋት ላይ ለመሙላት ስትታገል ያየ ሰው ልዩነቱን ይረዳል። የቤት ኢንተርኔቱን ያቋረጠ ቤተሰብ ከገበያ አይወጣም፤ ግን ትእዛዙ ያንሳል፥ ይዘገያል፥ ሳያዝም የሚቀርበት ወር ይመጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ኢንተርኔቱን ላለማቋረጥ የወሰነ ቤተሰብ 30 ዶላሩን ከሌላ ቦታ ያመጣዋል። በዓመት 360 ዶላር መሆኑ ነው። ይህ ገንዘብ ለአንድ ቤት የጤፍና የቅመም ወጭ ትንሽ አይደለም፤ የሚቀነሰውም ከዚያው ከባለሱቁ መሳቢያ ነው።

የድጎማው ተቃዋሚዎች የሚያቀርቡት ክርክር ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። በዲሴምበር 2023 ሴናተር ጆን ቱንና ሴናተር ቴድ ክሩዝ ከሌሎች የኮንግረስ አባሎች ጋር ሆነው ለኮሚሽኑ በጻፉት ደብዳቤ፥ ከገንዘቡ አብዛኛው የሄደው አስቀድሞ ኢንተርኔት ለነበራቸው ቤተሰቦች መሆኑን ገልጠው ነበር። ነገሩ በነጋዴ ዐይን ሲታይ ትርጉም አለው፤ ያለ ቅናሹም ሊገዛ ለነበረ ሰው ቅናሽ መስጠት፥ ሻጩን ወይም የቅናሹን ከፋይ ያለ ጥቅም ያከስራል። ነገር ግን ኢንተርኔት ነበረው የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከላይ የተጠቀሰው 68 በመቶ የሚያመለክተው፥ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በጃንዋሪ ከፍለው በማርች የሚቋረጥባቸው፥ በሜይ ደግሞ የማስቀጠያ ክፍያ ከፍለው የሚመለሱ እንደ ነበሩ ነው። እንዲህ ያለው ደንበኛ በመዝገብ አለ፥ በሥራ ግን የለም። ልጁ ፈተና በሚፈተንበት ሳምንት ኢንተርኔቱ ተቈርጦ ከሆነ፥ በዓመቱ አጋማሽ ነበረው መባሉ አይጠቅመውም። ያለውን ደንበኛ ማጽናት አዲስ ደንበኛ ከማምጣት የሚያንስ ሥራ አለመሆኑን ማንም ባለመደብር ይመሰክራል።

እንግዲህ ተቃዋሚዎቹ በአንዱ ነገር ትክክል ናቸው፤ መዝገቡ በጣም ሰፊ ነበር። ከድኽነት ወለል እስከ ሁለት እጥፍ ያለውን ሁሉ በአንድ ዓይነት 30 ዶላር ማስተናገድ፥ ጨርሶ ለሌለውና ጥቂት ለጎደለው እኩል መስፈር ነው። ከዚህ የተነሣ ግን ሰፈራው ይስተካከል ማለት እንጂ ጎተራው ይዘጋ ማለት አይከተልም።

ለዚህ መስተካከል የሚሆን አሮጌ መንገድ በአሜሪካ አገር አስቀድሞ አለ። የስልክ ሞኖፖሊ በ1984 ከተከፋፈለ በኋላ፥ የድኻው ቤት ስልክ በዋጋ መናር ምክንያት እንዳይዘጋ በ1985 በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን ላይፍላይን የሚባል ቅናሽ ተጀመረ። በ1996 የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ይህና ሌሎች እርዳታዎች የአጠቃላይ አገልግሎት ፈንድ በሚባል ቋት ሥር ተጠቃለሉ፤ በ2016 ደግሞ ላይፍላይን ለኢንተርኔትም እንዲውል ተፈቀደ። ቅናሹ በወር 9.25 ዶላር ነው። ትንሽ ነው፤ ግን አርባ ዓመት ቆይቷል፥ በየዓመቱም ኮንግረስን ደጅ አይጠናም፤ ምንጩ የስልክ ኩባንያዎች ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገርና ወደ ውጭ አገር ከሚያገኙት ገቢ የሚያዋጡት ገንዘብ ነውና።

ይህን መዋጮ ማን እንደሚከፍለው ማወቅ የፈለገ አስመጪ፥ በአሜሪካ ያለውን የመደብሩን የስልክ ሒሳብ አውጥቶ ይመልከት። ኩባንያዎቹ መዋጮውን በደንበኛው ላይ ስለሚያሳርፉት፥ በሒሳቡ ግርጌ ራሱን ችሎ ተጽፎ ይታያል። በ2000 መጀመሪያ ላይ መዋጮው 6 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2025 ግን 36 በመቶና ከዚያም በላይ ደርሷል። ምክንያቱ ግልጥ ነው። ሰዉ ከስልክ ወደ ኢንተርኔት ሄደ፤ መዋጮው ግን በስልኩ ላይ ቀረ፥ በኢንተርኔቱ አገልግሎት ላይ አይጣልምና። የሚከፍለው ገቢ እያነሰ ሲሄድ መቶኛው እያደገ ሄደ። ገበያው ከአሮጌው አደባባይ ወደ አዲሱ ከተዛወረ በኋላ ቀራጩ በአሮጌው አደባባይ ተቀምጦ፥ እዚያ የቀሩትን ጥቂት ሻጮች በየዓመቱ ቀረጥ እየጨመረ እንደሚያስከፍላቸው ያለ ነው። በአሮጌው አደባባይ የቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሹ ነጋዴ ነው፤ ቋሚ የመደብር ስልክ ያለው፥ ወደ ውጭ አገርም የሚደውል።

ይህ ፈንድ ራሱ ከአደጋ አልዳነም ነበር። በጁላይ 2024 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የመዋጮው አሰባሰብ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ ፈረደ። ጁን 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ድምፅ ለ3 ያንን ፍርድ ሽሮ ፈንዱን አጸናው። ስለዚህ ዛሬ የቀረው ጥያቄ የሕግ ሳይሆን የሒሳብ ነው፤ መዋጮው ሰፋ ባለ መሠረት ላይ ቢጣል፥ ማለት በኢንተርኔቱ ገቢም ላይ ቢደርስ፥ መቶኛው በብዙ ሊወርድ፥ የትንሹ ነጋዴ የስልክ ሒሳብ ሊቀል፥ ለቤት ኢንተርኔት የሚሆነው ቅናሽም ከ9.25 ዶላር ከፍ ሊል ይችላል። በኢንተርኔት ላይ መዋጮ መጣል ኢንተርኔትን ያስወድዳል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። ነገር ግን ሁሉም ሰው የሚሸከማት ትንሽ ጭማሪና ጥቂቶች ብቻ የሚሸከሟት 36 በመቶ በሚዛን ሲቀመጡ የትኛዋ እንደምትከብድ ለማወቅ ብዙ ምርመራ አያሻም።

ሌላ መንገድ የመረጠ ክፍለ ሀገርም አለ። ኒው ዮርክ በ2021 ባወጣው ሕግ፥ ኩባንያዎች ለድኻ ቤተሰቦች በሴኮንድ 25 ሜጋቢት ፍጥነት ያለውን አገልግሎት በወር ከ15 ዶላር በማይበልጥ፥ ወይም 200 ሜጋቢት የሚሆነውን ከ20 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ እንዲሸጡ አዘዘ። ኩባንያዎቹ ከሰሱ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በዲሴምበር 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤቱታቸውን ሳይቀበል ስለ ቀረ፥ ሕጉ ከጃንዋሪ 15 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ወር ኤ ቲ ኤንድ ቲ ያለ ሽቦ የሚሰጠውን የቤት ኢንተርኔት በኒው ዮርክ መሸጡን አቆመ። ከመንግሥት ካዝና ምንም ስለማይወጣበት ይህ መንገድ ለሹማምንት ደስ ያሰኛል። ዋጋው በአዋጅ ተወስኖበት የሚሸጥ ነጋዴ ግን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ሌላ ዕቃ ያለው ኪሳራውን በሌላው ዕቃ ላይ ይጭናል፥ ሌላ ዕቃ የሌለው መዝጊያውን ይዘጋል። የኒው ዮርኩ ሕግ ትንንሾቹን ኩባንያዎች ነፃ ለማውጣት ቦታ መስጠቱ ይህን አደጋ እንዳወቀው ያሳያል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላው ነው። 14.2 ቢሊዮን ዶላሩን ለወር ቅናሽ የመደበው ያው ሕግ፥ ሽቦ ለመዘርጋትና መስመር ለመሥራት 42.45 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። መስመሩ የሚዘረጋው ሰው ርቆ ርቆ በሚኖርበት፥ አብዛኛውን ጊዜም ድኽነት በበዛበት ገጠር ነው። የወር ቅናሹ የሞተው መስመሩ ገና ሳይዘረጋ ነው። እንግዲህ መስመሩ በበራፉ የሚያልፍበት ቤተሰብ ወርኀዊውን መክፈል ካልቻለ፥ ያ ሁሉ ገንዘብ ገበያ ወደማይቆምበት ሜዳ እንደ ተሠራ አውራ ጎዳና ይሆናል።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሥራ ከዚህ ቀደም በተሻለ አኳኋን ሠርቶታል። በ1935 ከአሥር የገበሬ ቤቶች አንዱ ብቻ መብራት በነበረው ጊዜ፥ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን አቋቋሙ፤ በ1936ም በሕግ ጸና። ሥራው የተሠራው በስጦታ ሳይሆን በአብዛኛው በረዥም ጊዜና በአነስተኛ ወለድ ብድር ሲሆን፥ ተበዳሪዎቹ ገበሬዎቹ ራሳቸው ያቋቋሟቸው የኅብረት ሥራ ማኅበሮች ነበሩ። ሽቦው ብቻ እንደማይበቃ በጊዜው የታወቀ በመሆኑ፥ ሌላ መሥሪያ ቤት ደግሞ ገበሬው ማቀዝቀዣና የኤሌክትሪክ ምድጃ በየወሩ እየከፈለ እንዲገዛ ብድር ያመቻች ነበር። መብራቱ የገባበት ቤት ወዲያው የባለሱቁ ደንበኛ ሆነ፤ ካውያውን፥ ሬዲዮውን፥ የውሃ መሳቢያውን ገዛ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የገበሬ ቤት መብራት ነበረው። በዚያ ዘመን ሽቦው፥ ብድሩና ሸቀጡ ተያይዘው ስለ ሄዱ አንዱ ሌላውን ጠበቀው። በዚህ ዘመን ሽቦው በአንድ ወገን፥ ቅናሹ በሌላ ወገን ሄዱ።

በአዲስ አበባ ያለውም ነጋዴ ይህን እንደ ሩቅ አገር ነገር ሊመለከተው አይገባም። በኢትዮጵያ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ (ቍጥር 1148/2011፥ በአውሮፓውያን 2019) ገበያው ብቻውን ለማይደርስላቸው ሰዎችና ቦታዎች አገልግሎቱ እንዲዳረስ የሚያስቡ ድንጋጌዎች አሉበት። እንዲህ ያለው ሐሳብ በሥራ ላይ ሲውል የመዋጮው መሠረት ጠባብ ይሁን ወይስ ሰፊ፥ ቅናሹ ለሁሉ ይሁን ወይስ ለተለዩ ቤቶች የሚለው ነገር የሚወሰነው በጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። መዋጮውን በመጨረሻ የሚከፍለው ነጋዴው ስለሆነ፥ ከውሳኔው በኋላ ከማጕረምረም በፊቱ አስተያየቱን ቢያሰማ ይበጀዋል።

በአሜሪካም በ2025 የሁለቱ ፓርቲዎችና የሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ያሉበት አንድ የኮንግረስ ቡድን ስለ አጠቃላይ አገልግሎት ፈንድ መሻሻል ከሕዝብ አስተያየት ተቀብሏል። በዚህ ነገር ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚናገሩላቸው ጠበቆች አሏቸው፤ የበጎ አድራጎት ማኅበሮችም ስለ ድኾቹ ይጽፋሉ። የመደብር ስልኩን ሒሳብ በየወሩ የሚከፍለውና በዚያው ወር ደንበኛው ኢንተርኔቱን ያቋረጠበት ባለሱቅ ግን በሁለቱም በኩል ተጎጂ ሆኖ ሳለ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። ለእንደራሴው የሚጽፈው ደብዳቤ ረዥም መሆን አያስፈልገውም። ከሒሳቡ ግርጌ ያለችውን የመዋጮ መስመር ገልብጦ፥ ከድጎማው መቆም በፊትና በኋላ በኢንተርኔት የመጡለትን ትእዛዞች ብዛት ጎን ለጎን ቢያሰፍር ይበቃል።